ስለ ገብስ ዘርና በሕዋሱ ውስጥ ስላለው ትእዛዝ አፈጻጸም

በአንድ እርሻ ላይ ሁለት ዓይነት ገብስ ጎን ለጎን ተዘርቶ፥ አንዱ ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ነጭ ሻጋታ ሲጠቃ ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። መሬቱ አንድ ዝናሙም አንድ ሲሆን ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለአገር ሹምና ለእርሻ ባለቤት ሁሉ የሚጠቅም ነው።

የገብስ አካል ዓይን በማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል እንደ ረዥም ክር ያለ ነገር አለ፤ ቅርጹንም ዋትሰንና ክሪክ የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ገልጸውታል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። በክሩ ላይ 4 ዓይነት ንጥረ ነገሮች እንደ ፊደል ተሰልፈዋል፤ ለአንድ ሥራ ትእዛዝ የሚሆነውም ክፍል ጂን ይባላል።

ዋናው መዝገብ ከግምጃ ቤት እንደማይወጣ፥ ይህም ጂን ከአስኳሉ አይወጣም። ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን ከአስኳሉ ውጭ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ አርኤንኤ በሚባል ግልባጭ ይቀዳል። ግልባጩም ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው መሥሪያ ይደርሳል፤ በዚያም ፊደሎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይነበባሉ። ከ64ቱ የሦስት ፊደል ቃላት 61ዱ አሚኖ አሲዶችን ይጠራሉ፤ 3ቱ ሥራው እንዲቆም ያዛሉ። 20ው ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ትእዛዙ ተራ በተራ ሲቀጣጠሉ ፕሮቲን ይሆናሉ፤ የሕዋሱንም ሥራ አብዛኛውን የሚያከናውነው ፕሮቲን ነው።

ለዚህ ነገር የኢትዮጵያ ገብስ ምስክር ነው። በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት የገብስ ዘሮች መካከል ነጩ ሻጋታ የማያጠቃቸው ተገኙ። ነገሩን የሚገዛው ኤምኤልኦ የሚባለው ጂን በ1997 ተለይቶ ታወቀ። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ከሌለ፥ ሻጋታው የሕዋሱን ግድግዳ ጥሶ መግባት ይሳነዋል። በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ ጂኑ ሳይጎድል፥ ከፊቱ ያለው የዲኤንኤ ክፍል ተደጋግሞ ስለሚገኝ ግልባጩ በሚገባ አይቀዳም፤ ትክክለኛው ግልባጭ ሲያንስ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ፕሮቲኑም ሲያንስ ሻጋታው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ጂን በዘሩ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና አለመነበቡም የሰብሉን ዕድል ይወስናል።

ከ1979 ጀምሮ ይህ ጠባይ ያላቸው የገብስ ዝርያዎች በአውሮፓ ተዘርተዋል። ሆኖም ጥቅሙ ያለ ጉዳት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በቅጠሉ ላይ ነቁጥ ያወጣል፥ ምርቱንም ጥቂት ይቀንሳል።

ገበሬ በየቀበሌው ያቆየው ዘር ከጠፋ፥ ማንም ያልመረመረው እንዲህ ያለ ጠባይ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ምርጥ ዘር በሚታደልበት አገር፥ ሹሙ ከነባሩ ዘር ጥቂት ጥቂቱን አስቀርቶ፥ የበቀለበትን ስፍራና ገበሬው የሚጠራበትን ስም ጽፎ፥ በ1976 በአዲስ አበባ ወደ ተቋቋመው የዘር ማከማቻ እንዲደርስ ቢያደርግ፥ ለአገሩ የማይተካ መዝገብ ጠበቀ ማለት ነው።