የመኪና የኋላ ክንዶች ስያሜ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚመላለሰው የጭነት መኪና የኋላ አካሉ የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነው። ባሌስትራ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል ቢሆንም ሾፌሩም መካኒኩም ስለ ለመዱት ምትክ አያሻውም። ይህ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሁለት ተግባር ይፈጽማል፤ ይኸውም ጭነቱን ይሸከማል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። ሁለቱ ተግባሮች ባልተለያዩበት መኪና ላይ የያዡን ክፍል ለብቻው መሰየም አላስፈለገም።

በብዙ የስፖርት መኪናዎች ላይ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ለምሳሌ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በወጣው ኒሳን ሲልቪያ ላይ ሸክሙ የጥቅል ስፕሪንግ ሲሆን፣ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ በቦታው የሚይዙት ልዩ ልዩ ክንዶች ናቸው። የእነዚህ ክንዶች ርዝመት የጎማውን አቋም ስለሚወስን፣ ርዝመታቸው የሚለዋወጥ ክንዶች በሌሎች ሠሪዎች ተሠርተው ይሸጣሉ። ገዢው የሚመርጠው ጽሑፍ አንብቦ በመሆኑ የተርጓሚው ቃል ከተሳሳተ ምርጫውም ይሳሳታል።

«ክንድ» የሚለውን የወል ስም እንቀበለዋለን። የሰው ክንድ በትከሻ በኩል ከአካል፣ በሌላው ጫፍ ከእጅ ጋር እንደሚጋጠም ሁሉ ይህም በአንድ ጫፉ ከመኪናው አካል፣ በሌላው ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይጋጠማል። ርዝመቱ ለሚለዋወጠው «ተስተካካይ ክንድ» እንላለን። «ማስተካከያ ክንድ» ከተባለ ሌላ ዕቃ የሚስተካከልበት መሣሪያ ይመስላል። ከመኪናው ፋብሪካ ሌላ የሆነ ድርጅት የሠራውን ዕቃ «ከገበያ በኋላ» ብሎ ቃል በቃል መተርጐም ትርጉም አይሰጥም፤ «ኮፒ» ማለትም ሐሰተኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ «የሌላ ሠሪ ምትክ» ማለቱ ይሻላል።

የእያንዳንዱ ክንድ ቅጽል ከተግባሩ ሊወጣ ይገባል። በጋራዥ ካምበር የሚባለውን፣ ማለትም ጎማው ከኋላ ሲታይ ወደ ጎን ማዘንበሉን የሚወስነው «የዘመም ክንድ» ይባል። ቶ የሚባለውን፣ ማለትም ጎማው ከላይ ሲታይ የሚያመለክትበትን አቅጣጫ የሚወስነው «የአቅጣጫ ክንድ» ይሁን። ሦስተኛው በጋራዥ ትራክሽን ሮድ የሚሉት ነው። ይህን «የመጎተቻ ክንድ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን የተበላሸ መኪና ወደሚጎተትበት ብረት ይመራዋል። የዚህ ክንድ ተግባር ግን መኪናው ሲነሣና ፍሬን ሲያዝ የሚፈጠረውን የፊትና የኋላ ግፊት መቋቋም ነው። የጋይንት ገበሬ ከቀንበር እስከ ማረሻ ጉልበቱን በቁመት የሚያስተላልፈውን እንጨት ሞፈር ይለዋል፤ ስለዚህ «ሞፈር ክንድ» ብንለው ቃሉ ራሱ ተግባሩን ይናገራል። ቀንበር ግን በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ ተጋድሞ የሚያርፍ ስለ ሆነ ለአንድ ጎማ ክንድ አይስማማም።

የአቋሙ መጠሪያ ደግሞ ዓይን የሚያየውን ቢከተል ይመረጣል። የጎማው አናት ወደ መኪናው ሲያዘነብል «አናተ ገብ»፣ ወደ ውጭ ሲያዘነብል «አናተ ወጥ» እንላለን። እንዲሁም የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዝ ሲቀራረብ «ፊተ ገብ»፣ ሲራራቅ «ፊተ ወጥ» ይባላል። ይህም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚባሉት የሚፈጥሩትን መደናገር ያስቀራል።

ቃላቱ ምርጫን እንዴት እንደሚረዱ እንመልከት። ከፍታው የተቀነሰ መኪና የኋላ ጎማዎቹ ብዙውን ጊዜ አናተ ገብ ስለሚሆኑ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። የዘመም ክንዱ በላይ በኩል ያለው ከሆነ እርሱን ማርዘም ጎማውን ያቀናል። ነገር ግን ይህ አቅጣጫውንም ስለሚያዛባ ወዲያው አቅጣጫው እንደ ገና ሊለካ ይገባል። የሞፈር ክንዱም ርዝመት ከሌሎቹ ጋር ካልተመጣጠነ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አቅጣጫው ይለዋወጣል፤ በፈጣን መኪና ላይም የኋላው አካል ከነጂው ቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። በጫፎቹ ጎሚኒ ያለው ክንድ ንዝረትን ያለዝባል። በጎሚኒ ፈንታ ሉላዊ መጋጠሚያ ያለው ግን አቋሙን አጥብቆ ቢይዝም ድምፅና ንዝረት ያስተላልፋል፤ መከላከያ ሽፋን ከሌለውም አቧራና ጠጠር ቶሎ ይበላዋል። በመሆኑም ለዕለት ጉዞ ጎሚኒ ያለው ይመረጣል።

ባሌስትራ፣ ጎሚኒ፣ ቡሎንና ዳዶ በሥራ ላይ የጸኑ ቃላት ስለ ሆኑ አንነካቸውም። አዲስ ቃል የምናቀርበው የቀድሞው ሲጎድል ወይም ሲያሳስት ብቻ ነው። ተርጓሚዎችም አዲሱን ስያሜ መጀመሪያ በጠቀሱበት ስፍራ የክንዱን ተግባር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገልጹ እናሳስባለን፤ መካኒኩ ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት የትኛው ክንድ የትኛውን አቋም እንደሚገዛ ማወቅ አለበትና።