ዩፒኤሱ እንዴት ጠፋ?

ዩፒኤስ የሚፈተነው መብራት በሚሄድባት ቅጽበት ነው። ወሩን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል፤ ኮምፒውተሩም ምንም ሳይጎድለው ይሠራል። ከዚያ ድንገት መብራት ይሄዳል፤ ዩፒኤሱ አንዴ ይጮኽና ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ጭልም ይላል። የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ከሆነ ከሌሊት ጀምሮ ሲሰላ ያደረው ምስል ይጠፋል፤ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት ከሆነ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የሠርግ ፊልም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ባለቤቱም «ዩፒኤሱ ተበላሸ» ብሎ ሌላ ፍለጋ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ግን ዩፒኤሱ አልተበላሸም። ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል፣ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ከኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ጋር አልተስማማም። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ አጠፋፉ ነው። ስንት ሰከንድ ቆየ? እንዴት ጮኸ? ዩፒኤሱ ራሱ ጠፋ ወይስ ኮምፒውተሩ ብቻ? እነዚህን ሳያዩ ሌላ መግዛት ያንኑ ችግር በአዲስ ካርቶን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

በገበያችን በብዛት የሚገኙት ትንንሾቹ ዩፒኤሶች መብራት እስካለ ድረስ የግድግዳውን ኃይል በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ያሳልፋሉ። ባትሪው በዚህ ጊዜ እየሞላ ይቀመጣል። ኃይል ሲቋረጥ ሪሌይ የሚባለው ማቀያየሪያ ጠቅ ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ ባትሪው ያዞረዋል፤ ኢንቨርተሩም የባትሪውን 12 ወይም 24 ቮልት ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ መቀየር ይጀምራል። ይህ ዝውውር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባሉት በዚህ ላይ እንደ ስታቢላይዘር የሚያገለግል ትራንስፎርመር ስላላቸው ቮልቴጁ ትንሽ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ባትሪውን ሳይነኩ ያስተካክሉታል። ኦንላይን የሚባሉት ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። መብራት ኖረም አልኖረም ኃይሉን ሁልጊዜ በኢንቨርተራቸው በኩል ስለሚያሳልፉ ዝውውር የሚባል ነገር የለባቸውም።

እንግዲህ ነገሩ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ በቀጥታ ከግድግዳ እስካለፈ ድረስ የኢንቨርተሩ ጉልበት አይፈተንም። ጭነቱ ከአቅሙ በላይ መሆኑ የሚገለጠው ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲሸከመው ነው።

አቅሙን ለማወቅ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይበቃም። «1000 ቪኤ» የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 600 ዋት ነው፤ 650 ቪኤ የሚለው ደግሞ ከ400 ዋት በታች። ቪኤ ቮልትና አምፔር ተባዝተው የሚገኙበት ቁጥር ነው፤ ዋት ግን መሣሪያው በእርግጥ የሚወስደው ኃይል ነው። በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ነበር። የዛሬዎቹ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ሰርኪዩት ስላላቸው የሚስቡት ቪኤና ዋት እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ስለዚህ ለጉልበተኛ ኮምፒውተር ዩፒኤስ የሚመርጥ ሰው መመልከት ያለበት የዋቱን ቁጥር ነው። ሻጩ ዋቱን ካልነገረው ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት ያንብብ፤ እዚያም ከሌለ ዕቃውን ቢተወው ይሻላል።

አንድ እውነተኛ ስሌት እንሥራ። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 253 ዋት ይወስዳል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ 450 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኮቹና ፋኖቹ ሌላ 70 ዋት ቢጨምሩ 770 ዋት ይጠጋል። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ከሚስበው 10 በመቶ ያህሉን በሙቀት መልክ ስለሚያባክን ከግድግዳው የሚሳበው ከ850 ዋት ይበልጣል። ሞኒተሩ ሲታከልበት 900 ገባ ማለት ነው። ይህን ኮምፒውተር ባለ1000 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ የሰካ ሰው 600 ዋት በሚችል ትከሻ 900 ጭኗል። 1500 ቪኤ ቢገዛም አብዛኞቹ የሚሰጡት 900 ዋት ገደማ ስለሆነ ጫፍ ላይ ቆሟል።

ጫፍ ላይ መቆም ደግሞ ለምን እንደማያዛልቅ የሚያሳየው የግራፊክስ ካርዱ ጠባይ ነው። 450 ዋት የተባለው አማካይ ነው። ካርዱ ሥራ ሲከብድበት ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ይስባል። ኢንቴል በ2022 ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ደንብ አንድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮሰከንድ የተመዘነበትን ኃይል እጥፍ እንዲሸከም የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። እጅግ አጭር የሆኑትን ዝላዮች የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ይውጧቸዋል፤ ረዘም የሚሉት ግን እስከ ዩፒኤሱ ይደርሳሉ። ለዚህ ነው በዝምታ ኢንተርኔት ሲቃኝ ባትሪውን ለብዙ ደቂቃ የሚጠቀም ኮምፒውተር፣ ሬንደር (የምስል ስሌት) ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ሳይውል ሳያድር የሚጠፋው።

አሁን ወደ አጠፋፉ እንመለስ። መብራት እንደሄደ ዩፒኤሱ ሳያቋርጥ ጮኾ ወይም ወዲያው ጸጥ ብሎ ሁለቱም አብረው ከጠፉ፣ ሥራው በከበደ ሰዓትም ከሆነ፣ የበዛው ጭነት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ እያለ ሙከራውን ይድገሙት፤ ያኔ ከቆየ ተጨማሪ ማስረጃ አያስፈልግም። ዩፒኤሱ ላይ ሌላ ምን እንደተሰካ ማየትም ተገቢ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ የማተሚያ ሮለሩን ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ብቻውን ትንሽ ዩፒኤስ ይጥላል። አንዳንድ ዩፒኤሶች ደግሞ ግማሾቹ ሶኬቶቻቸው ከባትሪው ጋር ያልተገናኙ፣ ከቮልቴጅ ዝላይ ብቻ የሚከላከሉ ናቸው። ኮምፒውተሩ በስህተት እዚያ ተሰክቶ ዩፒኤሱ የታማበት ቤት ብዙ ነው።

ዩፒኤሱ በሚገባ ተረክቦ ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ለአንድ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የባትሪው ነው። በውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ12 ቮልት፣ 7 ወይም 9 አምፔር-ሰዓት የሆነ የታሸገ የሊድ ባትሪ ነው። ጭነት ሲመጣበት ቮልቴጁ ወደ 10.5 ከወረደ ዩፒኤሱ «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። ጠቋሚ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ሙሉ ነው ማለቱ ሊያሳስት አይገባም። ያረጀ ባትሪ ድንጋይ እንደሞላ እንስራ ነው፤ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ያልቃል።

የባትሪውን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ የማነሣው በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ስለሆነ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለ ቢሮ፣ አየሩ በማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ሥር፣ የኮምፒውተሩ ሙቀት በሚተፋበት አቅጣጫ ያስቀመጠው ዩፒኤስ ይህን ዕድሜ አያገኝም። ሌላው የባትሪ ጠላት ደጋግሞ መራቆት ነው። ባትሪው አንዴ ካለቀ መልሶ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል። በቀን ሁለቴ ሦስቴ መብራት በሚሄድበት ሰፈር፣ ወይም ምሽት ላይ ቮልቴጁ እየወረደ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በሚዞርበት መንደር፣ ባትሪው አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ አያውቅም። በግማሽ ሙሌት የከረመ የሊድ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ያ ደግሞ በመሙላት ብቻ አይለቅም።

ከዚህም ሌላ ትልቅ ጭነት ባትሪን ከሒሳቡ በላይ ያሟጥጣል። ሁለት ባለ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በወረቀት 168 ዋት-ሰዓት ይዟል፤ 600 ዋት ለሚወስድ ኮምፒውተር ሩብ ሰዓት የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በአምፔር-ሰዓት የተጻፈው አቅም 20 ሰዓት ሙሉ ቀስ ተብሎ ሲቀዳ የሚገኝ ነው። በ600 ዋት ሲቀዳ ግን አዲስ ባትሪ እንኳ ከ5 ደቂቃ ብዙም አይዘልም።

ባትሪውን ለመፈተን ኮምፒውተሩን ነቅሎ በምትኩ ዋታቸው የታወቀ ሁለት የድሮ አምፖሎችን መሰካት ይበቃል። 200 ዋት ለጥቂት ደቂቃዎች መሸከም ያልቻለና በሰከንዶች የወደቀ ባትሪ መቀየር አለበት። መብራት የሄደ ለማስመሰል ስፒናውን ከግድግዳ መንቀል የተለመደ ነው፤ የኤርዙ መስመር አብሮ ስለሚለቅ ግን ብሬከሩን ማውረድ ይሻላል። ባትሪዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲጣመር አሮጌው ይጎትተዋል። ያበጠ ባትሪ ካገኛችሁ ዩፒኤሱን ከመብራት አላቅቃችሁ ለባለሙያ ስጡት እንጂ በጉልበት አትጎትቱት። የመኪና ባትሪ ከውጭ አያይዞ ጊዜውን ማርዘም የሚባለውን ዘዴ በፍጹም አልመክርም። የትንሹ ዩፒኤስ ኢንቨርተር ለጥቂት ደቂቃ እንጂ ለሰዓታት ሙቀት አልተሠራም፤ የመኪናው ባትሪም ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደጋ ነው።

በጣም ግራ የሚያጋባው ሦስተኛው አጠፋፍ ነው። ዩፒኤሱ በርቷል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ይጮኻል፣ ሞኒተሩም በርቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ጠፍቷል ወይም ራሱን አጥፍቶ እየተነሣ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የኃይሉ ቅርጽ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሲ ለስላሳ ሞገድ ነው። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ግን ደረጃ ደረጃ የሆነ፣ በመካከሉ ቮልቴጁ ዜሮ ላይ ተኝቶ የሚቆይበት ሞገድ ነው። አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለስላሳውን ሞገድ ተከትሎ እንዲስብ ስለተሠራ በዚህኛው ላይ አንዳንዱ ይደናገራል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አምፔር ይስባል ወይም ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። የዝውውሩ ጊዜም አለበት። ፓወር ሰፕላይ ኃይል ተቋርጦበት በካፓሲተሮቹ ክምችት ብቻ የሚቆየው በሙሉ ጭነት ከ12 እስከ 17 ሚሊሰከንድ ነው። 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ሪሌይ ሲገጥመው የሚተርፈው ፋታ ጠባብ ነው፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። መፍትሔው «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚል ዩፒኤስ መያዝ ነው።

ኮምፒውተሩ በደንቡ መሠረት ፕሮግራሞቹን ዘግቶ ከጠፋስ? ያ ብልሽት አይደለም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ዝጋ ተብሎ ታዟል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተሞላ ዝቅ ማድረግ ነው። ልዩነቱን ዊንዶውስ ይመዘግበዋል፤ በድንገት የተቋረጠ ኮምፒውተር ሲነሣ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ይገኛል።

መብራት ሳይሄድ ሌሊት ላይ ጠፍቶ ያደረ ኮምፒውተርም አለ። ብዙ ዩፒኤሶች ባትሪያቸውን በየተወሰነ ጊዜ በራሳቸው ይፈትናሉ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ጭነቱን ወደ ባትሪ አዙረው ያያሉ። ባትሪው ከሞተና ኮምፒውተሩ ሬንደር ላይ ከሆነ ፈተናው ራሱ ማጥፊያው ይሆናል። ጀኔሬተር ያላቸው ቢሮዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፦ ጀኔሬተሩ ተነሥቶ እያለ ዩፒኤሱ በባትሪው ላይ ይቀጥልና ያልቃል። የጀኔሬተሩ ሞገድ ከ50 ኸርዝ ወዲያ ወዲህ ስለሚል ዩፒኤሱ አልቀበልም ብሎታል። ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስማማቸዋል።

ገንዘብ ሳይወጣ የሚሠራ አንድ መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይሞክረው ይቆጨኛል። የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ነው። አርቲኤክስ 4090ን ከ450 ወደ 315 ዋት ቢያወርዱት በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚያጣው ፍጥነት ከ10 በመቶ ያነሰ ነው። 900 ዋት የነበረው ወደ 750 ይወርዳል፣ ዝላዮቹ ይለዝባሉ፣ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። 1500 ቪኤው ዩፒኤስ ከጫፍ ተመልሶ ሜዳ ላይ ይቆማል።

ይህም ካልበቃና መግዛት የግድ ከሆነ ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር እኔ የምመርጠው 2000 ቪኤ፣ 1800 ዋት የሚሰጥ ኦንላይን ዩፒኤስ ነው። በብዙዎቹ መመሪያ መጨረሻ ገጾች ላይ ከ1000 ሜትር ከፍታ በላይ ለየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 በመቶ ይቀነስ የሚል መስመር አለ፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች 1800 ዋቱ እዚህ ወደ 1560 ይወርዳል። ከሞኒተሩ ጋር 900 ዋት ለሚወስደው ኮምፒውተርና ለካርዱ ዝላዮች ግን ይህም ይበቃል።