ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላም ክትትል የሚሻው የህጻናት የሽንት ፊኛ ችግር

በነርቭ ጉዳት ምክንያት ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ህጻን በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት እንደ ሰነፍ ወይም ሥርዓት እንዳልተማረ ልጅ የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፡፡ ችግሩ ግን ከልብስ መርጠብ የከፋ ሲሆን በጊዜ ካልተደረሰበት ኩላሊትን እስከማበላሸት ይደርሳል፡፡

የሽንት ፊኛ ሽንትን በዝቅተኛ ግፊት የማጠራቀምና በተገቢው ጊዜ የማስወገድ ተግባሩን የሚያከናውነው ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር በነርቮች አማካይነት በሚደርሰው መልዕክት ነው፡፡ በጤናማ ሰው ፊኛው ሲኮማተር የመውጫው ጡንቻ ይላላል፡፡ የነርቮቹ ግንኙነት ሲዛባ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊኮማተሩ ይችላሉ፡፡ በዚህን ጊዜ በፊኛው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ሽንት ወደ ኩላሊት ሊመለስ ይችላል፡፡ በአንዳንድ ህጻናት ላይ ደግሞ የመውጫው ጡንቻ ልል ሆኖ ሽንት ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፡፡ ወላጅን የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ቢሆንም ይበልጥ አደገኛው ያለ ህመም የሚጓዘው የመጀመሪያው ነው፡፡

ለችግሩ ዋነኛ መንስኤ ስፓይና ቢፊዳ የተሰኘው የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት ነው፡፡ በአደጋ የሚደርስ የህብለ ሰረሰር ጉዳት፣ ዕጢና የአከርካሪ ቲቢም ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ፡፡ ከስፓይና ቢፊዳ ጋር የተወለደ ህጻን ጀርባው ላይ ያለው ክፍተት በቀዶ ሕክምና ቢዘጋም የተጎዳው ነርቭ ወደ ቀድሞ ሥራው አይመለስም፡፡ ቁስሉ ሲድን ሕክምናው የተጠናቀቀ የመሰለው ቤተሰብ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ኩላሊቱም ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል፡፡ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የአልትራሳውንድና የኩላሊት ተግባር ምርመራ በየጊዜው መደረግ የሚኖርበት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

የሕክምናው ምሰሶ ካቴተር የተባለውን ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል በማስገባት ፊኛውን በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ባዶ ማድረግ ነው፡፡ አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1972 ይህን ዘዴ እስካስተዋወቁበት ጊዜ ድረስ ካቴተር ፍጹም ከጀርም ነጻ በሆነ ሁኔታ ብቻ መግባት አለበት የሚል እምነት ነበር፡፡ ላፒደስ ግን ለኢንፌክሽን ይበልጥ የሚያጋልጠው ሽንት ተጠራቅሞ ፊኛው መወጠሩ እንደሆነና በሳሙና የታጠበ እጅና ንጹህ ቱቦ በቂ መሆናቸውን አስረዳ፡፡ ውድ መሣሪያ ለማያገኝ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፡፡ እናት ወይም አባት ሥራውን በአጭር ሥልጠና የሚለምዱት ሲሆን ህጻኑም ለትምህርት ሲደርስ ራሱ ሊያከናውነው ይችላል፡፡

የፊኛው ግፊት ከፍተኛ ሲሆን ኦክሲቡቲኒን የተሰኘው ጡንቻ አላሊ መድኃኒት ይታዘዛል፡፡ የሆድ ድርቀትም ፊኛውን ስለሚጫን አብሮ ይታከማል፡፡ ህጻናቱ ለላቴክስ አለርጂ የተጋለጡ በመሆናቸው ከላቴክስ የተሠራ ካቴተርና ጓንት አይመከርላቸውም፡፡ ትኩሳት ወይም ሌላ የህመም ምልክት ከሌለ በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መታየቱ ብቻ በአብዛኛው አንቲባዮቲክ ለመስጠት ምክንያት አይሆንም፡፡

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ ከሐኪም እጅ የወጣ ነው፡፡ በየሦስትና አራት ሰዓቱ ፊኛውን ባዶ ማድረግ ያለበት ተማሪ በትምህርት ቤት ቆይታው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚዘጋ በርና ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት ያስፈልገዋል፡፡ ይህን ካላገኘ ተራውን ይዘላል፤ አለዚያም ከትምህርቱ ይቀራል፡፡ ካቴተር በግዢ ዝርዝር ውስጥ መካተቱ፣ መምህሩ ተማሪውን ሳያሳፍር ማስወጣቱ፣ የመንግሥት ሠራተኛዋ እናት ለክትትል ፈቃድ ማግኘቷ የአስተዳደር ውሳኔዎች ናቸው፡፡

ስፓይና ቢፊዳ በአብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻል ችግር ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ ይመክራል፡፡ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግም ውጤታማነቱ የተረጋገጠ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ጤፉንና በቆሎውን በሰፈር ወፍጮ ቤት ለሚያስፈጭ ቤተሰብ ከፋብሪካ የሚወጣው የበለጸገ ዱቄት አይደርሰውም፡፡ የህብለ ሰረሰሩ ቱቦ የሚዘጋው ጽንሱ በተፈጠረ በ28 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ከማወቃቸው በፊት በመሆኑ፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብል ለዚህ ጉዳት ዘግይቶ የሚደርስ ነው፡፡