ፖስታው የት ይገባል? ለሠርጋችሁ በቤት የሚሠራ ሳጥን

የጥር ሠርግ ደግሳችኋል? ወይስ ልጃችሁን ከፋሲካ በኋላ ልትድሩ ነው? አዳራሹ ተይዟል፣ የሚዜዎቹ ልብስ ተለክቷል፣ ጠላው ሊጠነሰስ ነው። አንድ ነገር ግን በብዙ ቤት እስከ ዋዜማው ድረስ ሳይታሰብበት ይቆያል፤ እንግዳው ይዞት የሚመጣው ፖስታ የት ይገባል? ካልተዘጋጀንበት ግማሹ ሚዜ ኪስ፣ ግማሹ እናት ቦርሳ፣ ግማሹ የሙሽራው ኮት ውስጥ ይበተናል። ማታ ሲሰበሰብም ማን ምን እንዳመጣ የሚያውቅ አይገኝም።

መፍትሔው በቤታችሁ የምትሠሩት አንድ ሳጥን ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ይበቃዋል።

ደብተሩና ሳጥኑ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር የሠርግ ስጦታ ብዙ ጊዜ በደብተር ይያዛል። ጽሕፈት የሚችል ሰው ይቀመጥና የእንግዳውን ስምና የሰጠውን ይመዘግባል። ደብተሩ በክብር ይቀመጣል፤ ነገ ያ እንግዳ ልጁን ሲድር ብድሩ ይመለስለታል። ብድር በምድር የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ደብተሩ ግን አንድ ጉድለት አለው። ሃምሳ ብር የያዘው ሰው ሁለት ሺህ ከሚያስመዘግበው ጎን ይቆማል፤ ስሙና መጠኑ ጆሮ ሁሉ እየሰማ ይጻፋል። የከተማው ፖስታ ይህን ሸፍኖለታል። ሆኖም ፖስታም በተራው ይዘነጋል፤ ስም ያልተጻፈበት ከሆነ ብድሩ ለማን እንደሚመለስ አይታወቅም። ስለዚህ ጥሩ ሳጥን ሁለት ሥራ አለው፤ የእንግዳውን እጅ ይሸፍናል፣ ስሙን ግን ይጠብቃል።

ምን ያስፈልጋል?

• አምስት እሽግ ኤ4 ወረቀት የሚመጣበት ባለ ክዳን ካርቶን (ርዝመቱ 31፣ ስፋቱ 22፣ ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው)
• ያረጀ ግን ንጹሕ ነጠላ፣ ጥለቱ ያላለቀ ቢሆን ይመረጣል
• ነጭ ኮላ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ መርፌና ክር

ካርቶኑን ከመምረጣችሁ በፊት ቁጠሩ። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ አንድ ፖስታ ነው። በእኔ ስሌት ይህ ካርቶን እንደነገሩ የተጣሉ አንድ መቶ ያህል ፖስታዎችን ይይዛል። ከዚያ የሚበዛ ከሆነ ሰፋ ያለ ካርቶን ፈልጉ።

አሠራሩ

አንደኛ፦ ክዳኑ መካከል ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ቁረጡ። ረጅሙ የደብዳቤ ፖስታ 22 በ11፣ ሰፋ ያለው ደግሞ 23 በ16 ገደማ ስለሆነ ሁለቱም በአጭር ጎናቸው ይገባሉ። ጠርዙ እንዳይቀደድ በፕላስተር ሸፍኑት።

ሁለተኛ፦ 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ቁረጡና ከክዳኑ ውስጥ፣ ከቀዳዳው አንድ ረጅም ጠርዝ ጋር በአንድ በኩል ብቻ አያይዙት። ይህ ምላስ ፖስታውን ያሳልፋል፤ እጅ ግን አያስገባም።

ሦስተኛ፦ ለሳጥኑ ዙሪያ 115 በ40፣ ለክዳኑ 55 በ45 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል። ጥለቱ በፊት ለፊት በኩል እንዲወርድ አድርጉ። ኮላውን በስሱ ቀቡ፤ ከበዛ በነጩ ነጠላ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ቀድማችሁ በቁራጭ ሞክሩት። ሌሊቱን ይድረቅ።

አራተኛ፦ ክዳኑን ግጠሙና የክዳኑንና የሳጥኑን ጨርቅ ዙሪያውን በክር ስፉት። ቁልፍ አያስፈልግም፤ ክሩ ሳይቆረጥ አይከፈትም፤ ከተቆረጠም ያስታውቃል።

አምስተኛ፦ ፊት ለፊቱ ላይ «በፖስታው ላይ ስምዎን ይጻፉልን» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ። አጠገቡ ሁለት እስክሪብቶና ትርፍ ፖስታ ይቀመጥ።

መሶብ ላላችሁ

ቤታችሁ የአያት መሶብ ካለ ከካርቶን ይልቅ እሱ ያምራል። ክዳኑን ግን አትቁረጡ። መሶብ በአክርማና በስንደዶ እየዞረ የተሰፋ ስለሆነ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ይፈታል። ይልቅ በአፉ ልክ ክብ ካርቶን ቁረጡ፤ ቀዳዳና ምላስ ሥሩለት፣ በጨርቅ አልብሱና ከጠርዙ ጋር በክር ያዙት። ዋናው ክዳን አጠገቡ ይቀመጥ፤ ጌጥ ይሆናል።

የት ይቀመጥ? ማን ይጠብቀው?

በገበያ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዕቃ ስናስቀምጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። ሳጥኑን በር ላይ አታቁሙት፤ የመግቢያ ክፍያ ይመስላል። ወላጆች እንግዳ ከሚቀበሉበት አለፍ ብሎ፣ ሰው ሰላምታ ጨርሶ ወደ ወንበሩ ሲሄድ የሚያገኘው ቦታ ይሻላል። ከሙሽራው ወገን አንድ፣ ከሙሽሪት ወገን አንድ ሰው ይመደብለት። ኬክ ሲቆረስ፣ ጭፈራው ሲደራ ሁሉም ሰው ወደ መሐል ስለሚሳብ ጠባቂዎቹ ያን ጊዜ ከሳጥኑ አይራቁ። ከጠባቂዎቹ አንዱ መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ስማቸውን ይጻፍላቸው፤ ስም ብቻ እንጂ መጠን አይጠይቅ።

በቴሌብር ለሚልኩ የሙሽሮቹን ቁጥር ሳጥኑ ጎን ላይ መለጠፍ ይቻላል። አገልግሎቱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሩቅ ያለ ዘመድ ስጦታውን በስልክ መላክ ቀሎታል። የሚደርሰውን መልእክት ግን አታጥፉት፤ ወደ መዝገብ መግባት አለበት።

ሲከፈት

ድካሙ ካለፈ በኋላ፣ በመልሱ ግርግር ሳይሆን ረጋ ባለ ቀን፣ ሙሽሮቹና ከየወገኑ አንድ ሰው ሆናችሁ ክሩን ቁረጡ። አንዱ ይክፈት፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። ደብተሩ አራት ዓምድ ይኑረው፦ ስም፣ የማን ወገን፣ ያመጣው፣ የተመለሰበት ቀን። ስም የሌለውን ፖስታ አትጣሉ፤ ከእጅ ጽሕፈቱ የሚለይ ዘመድ አይጠፋም።

ሳጥኑ ውስጥ ያልገባውንም አትርሱ። ከገጠር በቅል ቅቤ ይዛ የመጣች አክስት፣ በግ እየነዳ የደረሰ አጎት፣ ሌሊቱን እንጀራ ስትጋግር ያደረች ጎረቤት ፖስታ የላቸውም። ስማቸው ግን ከሁለት ሺህ ብሩ ጋር በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሙሽሮቹ ነገ የሰው ሠርግ ሲጠሩ ባዶ እጃቸውን የማይሄዱት፣ ለማን ምን ይዘው እንደሚሄዱም የሚያውቁት ያን ደብተር ገልጠው ነው።