ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በመደበኛ የዲቪዲ ማጫወቻ እንዲታይ ስለማድረግ

በአሁኑ ወቅት የሰርግ፣ የምረቃና የክርስትና ቪዲዮዎች በአብዛኛው የሚቀረጹት ከፍተኛ ጥራት ባለው፣ በተለምዶ ኤች ዲ በሚባለው ምስል ነው። ለምሳሌ ጉርድ ሾላ ከሚገኝ ቪዲዮ ቤት የሰርጉን ፊልም በፍላሽ የተረከበ ነዋሪ በኮምፒውተሩም ሆነ በዘመናዊ ቴሌቪዥኑ ያለ ችግር ሊመለከተው ይችላል። በክፍለ ሀገር በሚኖሩት ወላጆቹ ቤት ያለው ግን የቆየ ቴሌቪዥንና በተለምዶ ዴክ የሚባለው የዲቪዲ ማጫወቻ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን እንዳለ ባዶ ዲስክ ላይ ገልብጦ ቢልክላቸው ማጫወቻው ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ማንበብ አይችልም፤ ወላጆችም የልጃቸውን ሰርግ ሳያዩ ይቀራሉ።

ይህ የዲስኩ ወይም የማጫወቻው ብልሽት አይደለም። የዲቪዲ ማጫወቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ በዋናነት የሚያነበውም ኤምፔግ-2 በሚባለው ዘዴ የተጨመቀ ምስል ነው። የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች በስፋት የሚጠቀሙበት ኤች.264 ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ዘዴ ነው። በመሆኑም ፋይሉ መገልበጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ዲቪዲ ቪዲዮ መለወጥ ይኖርበታል።

ለውጡ ዋጋ አለው። የኤች ዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ሲኖሩት፣ በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት በፓል የሚዘጋጅ ዲቪዲ 720 በ576 ነጥቦች ብቻ አሉት። ይህም ከአምስት ነጥቦች አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በአነስተኛ ቴሌቪዥን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ግን ምስሉ የደበዘዘ ሊመስል ይችላል።

ተገልጋዮች ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጡት የሚገባው የርዝመት ጉዳይ ነው። የተለመደው ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በጥሩ ጥራት፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውም ተቀባይነት ባለው ጥራት ሊጻፍ ይችላል። ከሽምግልናው እስከ መልሱ አራት ሰዓት የሚዘልቅ ፊልም በአንድ ዲስክ ላይ እንዲጠቃለል ሲጠየቅ ግን ሶፍትዌሩ ምስሉን ከልክ በላይ ለመጭመቅ ይገደዳል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሰዎች ተቀምጠው በሚነጋገሩበት ክፍል አይደለም። ፈጣን እንቅስቃሴ ብዙ መረጃ ስለሚፈልግ፣ እስክስታው ሲደምቅ ትከሻውም ፊቱም ካሬ ካሬ እየሆነ ይበታተናል። ሰው ደጋግሞ ማየት የሚወደው ይህንኑ ክፍል በመሆኑ፣ ረጅም ፊልም በሁለት ወይም በሦስት ዲስኮች እንዲከፈል ማዘዝ የተሻለ ነው። የተጨማሪ ባዶ ዲስክ ዋጋ ከቀረጻው ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የምስሉ ቅርጽ ነው። የኤች ዲ ምስል ስፋት ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 16 ለ9፣ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ደግሞ 4 ለ3 ነው። ሙሽሮቹ ቀጥነውና ረዝመው ከታዩ፣ ዲስኩን እንደገና ከማሠራት በፊት በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ዓይነት 4 ለ3 አድርጎ መምረጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚሁ ይፈታል። ከአሜሪካ የሚላኩ ዲስኮች ደግሞ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ በሚባለው ሥርዓት የተዘጋጁ በመሆናቸው በአንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ላይ ቀለም አልባ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘመድ እዚያ ሆኖ ዲስክ የሚያዘጋጅ ከሆነ በፓል እንዲሆን አስቀድሞ መንገር ጠቃሚ ነው።

ማጫወቻው የፍላሽ መሰኪያ ካለው ዲስክ ላያስፈልግ ይችላል። ሆኖም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ማጫወቻዎች የኤች ዲ ፋይልን በፍላሽም ቢሆን አያጫውቱም። ስለዚህ ቪዲዮው ወደ ኤምፔግ-2 ወይም ማጫወቻው ወደሚቀበለው ሌላ የቆየ ዓይነት ተለውጦ፣ ፋት 32 በሚባለው አሠራር በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ መጫን ይኖርበታል። ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ሥራውን በራሳቸው ለማከናወን የሚፈልጉ ዜጎች ዲቪዲ ስታይለር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጠቀም ይችላሉ። ፓል፣ 16 ለ9 እና ኤምፔግ-2 መመረጣቸውን ማረጋገጥ፣ ዲስኩንም በዝግታ መጻፍ ይመከራል። ለውጡ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችልና መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው ሊጀመር ስለሚችል፣ ባትሪው የተሞላ ላፕቶፕ መጠቀም ይመረጣል። በቪዲዮ ቤት የሚያሠሩ ደግሞ ሂሳብ ከመክፈላቸው በፊት ዲስኩ በኮምፒውተር ሳይሆን በዴክ ተከፍቶ መጀመሪያው፣ መሐሉና መጨረሻው እንዲታይ ሊጠይቁ ይገባል። በመለወጥ ሂደት ድምፁ ሊጠፋ ወይም ከምስሉ ሊቀድም የሚችልበት ጊዜ አለ።

የቤተሰብን ቪዲዮ ማባዛትና የገበያ ፊልምን ማባዛት አንድ አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለግል አገልግሎቱ ብቻ የታተመ ሥራን በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ የሌላን ሰው ፊልም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን የተከለከለ ነው።

ዲቪዲው ከተዘጋጀ በኋላ የመጀመሪያውን ፋይል ማጥፋት አይገባም። ከዲስኩ ላይ የቀነሱት ነጥቦች በማናቸውም ሶፍትዌር ወደነበሩበት አይመለሱም፤ በቤት የሚጻፉ ዲስኮችም በፀሐይ፣ በሙቀትና በጭረት ይበላሻሉ። የኤች ዲው ፋይል በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ቤቶች ቢቀመጥ፣ ለወላጆች የተላከው ዲስክ ሲጎዳ ሌላ ማዘጋጀት ይቻላል።