ትንሿ መኪና ተሳቢ ስትጎትት

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች ጥቂት የዕረፍት ቀናት ሲያገኙ፣ ወይም በዓል ከእሑድ ጋር ተጠጋግቶ ሲውል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር አንድ ሁለት ሌሊት ማደር የብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ ምኞት ነው። የሆቴሉ ዋጋ ከደመወዝ ጋር አልመጣጠን ሲል ድንኳንና ፍራሽ ጭኖ መሄድ ይታሰባል። መኪናዋ ትንሽ ከሆነችና ዕቃው አልገባም ካለ ደግሞ፣ «ለምን ከኋላዋ የመኝታ ተሳቢ አናስርም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ልጆች ከመሬት ቅዝቃዜ ርቀው ይተኛሉ፤ ድስቱም ምድጃውም የየራሱ ቦታ ይኖረዋል።

ካራቫን እየተባለ የሚጠራው ይህ ጎማ ያለው መኝታ ቤት በአገራችን መንገድ ላይ እምብዛም ባይታይም ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የከረዩ ሎጅ እንግዶች ለብዙ ዓመታት ያድሩ የነበረው በገደሉ አፋፍ ላይ በተደረደሩ ካራቫኖች ውስጥ ነበር። እነዚያ ግን በአንድ ቦታ የቆሙ ነበሩ። ነገሩ የሚለወጠው ካራቫኑ ከመኪና ኋላ ታስሮ መንገድ ሲጀምር ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ስለ ተሳቢ ሲወራ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ «የመኪናዋ ጉልበት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። በአራቱም ጎማዋ የምትሄድ የመስክ መኪና ያለው ሰውም ወዲያው «ትችላለች!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ትጎትታለች። መጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ቁልቁለት ላይ ልታቆመው ትችላለች ወይ? ከኋላዋ መወዛወዝ ሲጀምር ታረጋጋዋለች ወይ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት፣ ዕቃ በሚጫንበት ሰዓት ነው። በየቤቱ ዕቃ የሚሸክፈው ማን እንደሆነ ደግሞ መቼም ሳይነገር ይታወቃል። ስለዚህ ይህ የሾፌር ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን አትግለጡት።

ለምሳሌ ሱዙኪ ጂምኒን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ መልክ የወጣችው ባለ ሁለት በር ጂምኒ ባዶዋን 1100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላ ጎማዋ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ የተፈቀደላት የተሳቢ ክብደት፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው እስከ 1300 ኪሎ፣ ፍሬን ከሌለው ግን 350 ኪሎ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። ፍሬን የሌለውን ተሳቢ የምታቆመው መኪናዋ ብቻዋን ናትና።

1300 የሚለው ቁጥር ሊያታልል አይገባም። ተሳቢው ከጎታቿ መኪና በለጠ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ለካራቫን ጀማሪዎች የሚሰጠው የተለመደ ምክር ተሳቢው ከመኪናዋ ባዶ ክብደት ከ85 በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ ለጂምኒ ሲሰላ 935 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በእኛ ዳገትና ቁልቁለት፣ ከብትና ጋሪ በድንገት በሚገባበት መንገድ፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ እንኳ ቢሆን ከመኪናዋ ክብደት እኩሌታ፣ ማለትም ከ500 ኪሎ ብዙ ባያልፍ ይመረጣል። የመኪና ማጠርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ባለ ሁለት በሩ ጂፕ ራንግለር 907 ኪሎ ሲፈቀድለት፣ ረዘም ያለው ባለ አራት በሩ እስከ 1588 ኪሎ ተፈቅዶለታል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሞተር ይሸጡ ነበር። አጭር መኪናን ተሳቢ በቀላሉ ከወዲያ ወዲህ ያማታታል።

እስቲ አሁን እንደ ወር ቀለብ ቁጭ ብለን እናስላው። ፍሬን የሌለው ትንሽ ተሳቢ ባዶውን 300 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከተፈቀደው ውስጥ ለዕቃ የሚተርፈው 50 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ብቻ 40ውን ይወስዱታል። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ዱቄቱ፣ ከሰሉ ገና አልተነሱም። መኪናዋም የራሷ ልክ አላት። ጂምኒ ከነሰዎቿና ከነዕቃዋ ከ1435 ኪሎ መብለጥ የለባትም። ባዶ ክብደቷ ሲቀነስ 335 ይቀራል። አባት 75፣ እናት 65፣ ሁለቱ ልጆች በድምሩ 55 ኪሎ ቢሆኑ 195 ሄደ። ተሳቢው በመንጠቆው ላይ የሚጥለው 50 ኪሎ ሲታከልበት ለሻንጣና ለስንቅ የሚቀረው 90 ኪሎ ነው። አያት አብሬ ልምጣ ቢሉ ወንበሩም አይበቃ፣ ክብደቱም አይፈቅድ።

ተሳቢው በመንጠቆው ላይ ይጥላል ያልነውን ክብደት ለመረዳት ከመቂ ወይም ከባቱ ባለ ጋሪ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። ጋሪው ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ትንሹ የመኝታ ተሳቢም እንደዚያው። ባለ ጋሪው ጭነቱን ወደ ኋላ ካበዛው ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሱና ጠፍሩ ፈረሱን በሆዱ ሽቅብ ይስበዋል። ወደ ፊት ካበዛው ደግሞ ጀርባውን ይጫነዋል። ስለዚህ ከጭነቱ ጥቂቱ ብቻ ወደ ፊት እንዲያዘነብል አድርጎ ይደለድለዋል። ለትንሿ መኪናም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል፣ ከ500 ኪሎ 50 ኪሎ፣ በመንጠቆው ላይ ይረፍ። ከዚያ በጣም ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል። በጣም ከበዛ የመኪናዋ ኋላ ይቀመጥና አፍንጫዋ ይነሳል፤ ያን ጊዜ የፊት ጎማዎቿ መሬቱን በደንብ ስለማይጫኑ መሪውም ፍሬኑም ይላላል። መንጠቆው ራሱ ስንት ኪሎ እንደሚችል በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ።

ይህን ለመለካት የሰው ክብደት የሚለካበት ተራ ሚዛን ይበቃል። ተሳቢውን ከነሙሉ ጭነቱ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና ጎማዎቹን በድንጋይ አግዱ። ሚዛኑ ላይ ጠንካራ ግንድ አቁማችሁ የተሳቢውን መያዣ በላዩ ላይ አሳርፉት፤ የግንዱ ቁመት ከሚዛኑ ጋር ተደምሮ ከመኪናዋ መንጠቆ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ቁጥሩ ካነሰ አንዱን ጀሪካን ወደ ፊት ሳብ፣ ከበዛ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ነው። ከባድ ዕቃ ሁሉ ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ ትይዩ ይቀመጥ፤ በገመድም ይታሰር። ብርድ ልብስና ልብስ ከላይ ይሁን። በተሳቢው የኋላ ጫፍ ላይ ከባድ ነገር አይጫን።

አዲስ አበባን ለቀው ወደ ላንጋኖ ለሚሄዱ ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ በመልስ ጉዞ ላይ ይመለከታቸዋል። ሲሄዱ በሥርዓት የተጫነው ተሳቢ ሲመለሱ ሌላ ነው፤ ውኃው ተጠጥቷል፣ ስንቁ ተበልቷል። በመቂ በኩል ሲታለፍ ደግሞ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ሲያዩት ማን ዝም ብሎ ያልፋል? አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይገዛና በቀላሉ በሚከፈተው የኋላ በር በኩል፣ ከሁሉም ኋላ ይወረወራል። ሚዛኑ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ሽንኩርቱን ግዙ፤ ግን በሩን ከፍታችሁ እስከ ጎማዎቹ ትይዩ ድረስ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ሚዛኑ የተበላሸ ተሳቢ አመሉን የሚያሳየው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ትልቅ አውቶቡስ በጎን ሲያልፍ በሚፈጥረው ነፋስ፣ ወይም ሾፌሩ ጉድጓድ ለመሸሽ መሪውን በድንገት ሲያዞር፣ የተሳቢው ኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከፊተኛው ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ፍሬን መርገጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ተሳቢው መኪናዋን ከኋላ እንዲገፋትና እንዲያጥፋት ያደርጋል። ትክክለኛው ነገር እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና መኪናዋ በራሷ እስክትበርድ መታገሥ ነው። ውዝዋዜውን በመሪ ለማረም መሞከር ያብሰዋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሰዎችም አይጩሁ፤ ሾፌሩን ያስደነግጣል። ከቆሙ በኋላ ጭነቱን እንደገና ሳይደለድሉ ጉዞ መቀጠል የለም።

ፍጥነት ሲነሳ አንድ ስሌት እንጨምር። መኪና ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሸጋገር፣ ለማቆም ፍሬን ማጥፋት ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ለእንዲህ ያለ ጉዞ በቂ ነው። ከፊት ካለው መኪና የሚኖረው ርቀትም ከወትሮው እጥፍ ይሁን። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ፣ ላንጋኖ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሲኬድ ቁልቁል፣ ሾፌሩ ደክሞት ሲመለስ ሽቅብ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ ወደ ቤት ስትቃረቡ መኪናዋ ብትለግም አትደነቁ፤ ሌላውን ቀድማችሁ ለማለፍም አትሞክሩ።

ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማበር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚጠልቀውን ጠመዝማዛ ግን፣ ለተሳቢ አዲስ የሆነ ቤተሰብ ባይጀምርበት ይሻላል። የግድ ከሆነ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ይግባ፤ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ላይ እግርን ጭኖ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። የአራቱ ጎማ ማርሽ ይረዳኛል ብሎ በደረቅ አስፋልት ላይ ማስገባትም ስሕተት ነው። ጂምኒን በመሰሉ መኪናዎች ይህ ማርሽ የተሠራው ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለጠጠር ነው፤ በአስፋልት መታጠፊያ ላይ የመኪናዋን ጥርሶች ያጨናንቃል። ፍሬን እንደሆነ ምንጊዜም የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው።

መንጠቆውን የሚበይደው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይሁን። ከሻንሲው ጋር መያያዝ አለበት፤ ከፓራውልቱ ጋር የተያያዘ መንጠቆ ጌጥ ነው። ከመንጠቆው ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች በተሳቢው ዘንግ ሥር ተሻግረው ይታሰሩ፤ መያዣው ቢላቀቅ ዘንጉ መሬት ከመምታቱ በፊት ይቀልቡታል። የተሳቢው ፍሬቻና የፍሬን መብራት መሥራታቸውን አንዱ ልጅ ከኋላ ቆሞ ይናገር። ጎማውንም እዩ። ዓመቱን ሙሉ ጥግ የቆመ ተሳቢ ጎማው ሳያልቅ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ቆማችሁ የጎማውን ማዕከል በእጃችሁ ቀረብ አድርጉት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት።

ልጆች ወንበሩ ጠበበን፣ ተሳቢው ውስጥ ተኝተን እንሂድ ይላሉ። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አይፈቀድም። እዚያ ውስጥ የደኅንነት ቀበቶ የለም፤ ሲጮሁም አይሰማም። የጋዝ ሲሊንደሩ በጉዞ ላይ ይዘጋ። ሌሊት ሲበርድም የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት በጠባብ ክፍል ፈጥኖ ይገድላል፤ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም መርዙ አለ።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ የሚቀረው ወደ ኋላ ማስገባት ነው። ሾፌሩ እጁን ከመሪው ግርጌ ይያዝ፤ እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተሳቢው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ ይሄዳል። አጭር ተሳቢ ቶሎ ስለሚታጠፍ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ ከተጣመመ ወደ ፊት ቀና ብሎ እንደገና መጀመር ነው። የሚመራው ሰው በመስታወት በሚታይበት በኩል ይቁም፤ በተሳቢውና በዛፍ መካከል ፈጽሞ አይግባ። ከመንጠቆው ከመላቀቁ በፊት የተሳቢው ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬን ካለውም ይያዝ። መሬቱ ወደ ውኃው የሚያዘነብል ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ልጆቹ እስከዚያው ከመኪናው አይውረዱ።