ልጅ በጭንቅላቱ ብቻ አይማርም

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ናት። ዝናብ ሲዘንብ የወባ ትንኝ ይበዛል።

ወባ የያዘው ልጅ ፊደል አይገባውም። የራበው ልጅ አስተማሪውን አይሰማም። በማያውቀው ቋንቋ የሚያስተምሩት ልጅ ዝም ይላል። ታዲያ ሰነፍ ነው እንበል? አይደለም!

ልጅ ሆድ አለው፤ ልብ አለው፤ እጅ አለው። አንዱ ሲጎዳ ትምህርቱም ይጎዳል። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. የሕፃናትን ፖሊሲ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት አወጡት።

የኑዌር ልጆች ከጭቃ ከብት ይሠራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሲቆጥሩት ሒሳብ ነው። ጨዋታ ነው ብላችሁ አትከልክሏቸው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን በአጎበር ውስጥ አስተኙት። አብሉት፤ እጁን አስታጥቡት። አኙዋክም ሁኑ ኑዌር ወይም መዠንግር፣ በቋንቋችሁ ተረት ንገሩት። ያን ጊዜ ፊደሉ ይገባዋል።